ወደ ናርጋ፣ ለሥዕልና ለቆረሶ

ደቅ ደሴት የሚሄድ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ነጋዴው ማንጎና ዳጉሳ ጭኖ ይመላለሳል፤ ስለት ያለበት ስለቱን ያገባል፤ የታመመ ጠበል ፍለጋ ይሄዳል። ከወገዳ ተነሥታ፣ ደብረ ታቦርን አልፋ፣ ባሕር ዳር አድራ፣ ሥዕል ለማየት ብቻ ጀልባ የምትሳፈር ሴት ግን ለጠያቂ ሁሉ ግራ ታጋባለች። መጀመሪያ ግራ የተጋባው ጀልባ ነጂው ነበር።

«ማኅበርሽ የታለ?»

«ማኅበር የለኝም። ሥዕሉን አይቼ ልመለስ ነው።»

ወደ ኋላዬ ተመለከተ። የሚከተለኝ ባል ወይም ወንድም ሳይኖር አይቀርም ብሎ መሰለኝ።

ጊዜው ኅዳር ነው፤ መንገዱ ሰላም የነበረበት ኅዳር። ዕለቱ 7፣ ወርኃዊው የሥላሴ በዓል። ብቻዬን ጀልባ መኮናተር የአስተማሪ ደመወዝ የሚችለው ነገር ስላልሆነ፣ ለናርጋ ሥላሴ ስለት ይዘው ከሚሄዱ የባሕር ዳር ሴቶች ጋር ድርሻዬን ከፍዬ ተጠጋሁ። እነሱ ዳቦውን በመሶብ፣ ጠላውን በጀሪካን ይዘዋል። እኔ በሶ፣ ቆሎና ደብተር። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት እናት ቦርሳዬን ዳበስ አደረጉና «በሶ ይዛ ሐይቅ ላይ! ውሃ ጠፍቶ ነው?» ብለው ሁሉን አሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ እንግዳነቴ ቀረ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ውሃው ገና አልነቃም። ደንገል ታንኳ ላይ ቆመው በረጅም ዘንግ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ከጎናችን ያልፋሉ፤ ታንኳው ከቀዛፊው ክብደት የተነሣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሰውየው በውሃው ላይ የሚራመድ ይመስላል። ክብራን ገብርኤል ከፊታችን ብቅ ሲል ሴቶቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ተሳለሙት። እዚያ ሴት አትገባም። የአምስት ነገሥታት አፅም አርፎበታል ወደሚባለው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስም አትገባም፤ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ፋሲል እዚያ ናቸው። እኔ ለእነዚህ አልመጣሁም። ለናርጋ ነው የመጣሁት፤ ናርጋን ያሠራችው ሴት ናት።

በስተምሥራቅ ሰማዩ ሲጠራ ጉና ታየኝ። ከዚህ ሆኖ ማየት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ያ ተራራ ለጋይንትና ለእስቴ ብርድና ገብስ ነው፤ ለጣና ግን ርብና ጉማራ ነው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ይነሣሉ፣ በፎገራ ሜዳ አድርገው ሐይቁ ይገባሉ። የስማዳ ውሃ ደግሞ በሌላኛው ወገን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ሊዞር ከሚመጣው ዓባይ ጋር በእኛ ቆላ ይገናኛል። ካርታ ላይ ለተማሪዎቼ ያሳየሁት ነገር ነው፤ ሐይቁ መሐል ሆኜ ሳየው ግን ሌላ ነው። የጀልባው ሞተር ያገላበጠው ውሃ ቡናማ ነበር። ከየት የታጠበ አፈር እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አያስፈልግም።

እምቦጭ የሚባለውን ወራሪ አረም ያየሁት ከሩቅ፣ በምሥራቁ ዳር እንደ ለምለም ሜዳ ተዘርግቶ ነው። ጣና ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሐይቁን ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው በ2015። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደስ አይልም።

ናርጋ ከደቅ በስተምዕራብ የተጠጋች ትንሽ ደሴት ናት። ከወደቡ ጥቂት እንደ ተራመዱ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ቅጥርና በር ይቀበላል፤ ጎንደር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ወዲያው የሚያውቀው የግንብ ሥራ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። የቋራዋ ልጅ፣ ስመ መንግሥቷ ብርሃን ሞገሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ አብራ ዘውድ የጫነች፣ በኋላም በ1755 የልጅ ልጇ ኢዮአስ ሲተካ መንግሥቱን የያዘች። ጎንደር ላይ ቁስቋም አላት፤ ናርጋ ግን ከጎንደር ራቅ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ኖራ በዚያ ዘመን ታንኳ እንዴት እንዳሻገሩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሴቶቹ ስለታቸውን ለማግባት ወደ ካህናቱ ሲሄዱ እኔ ቅኔ ማኅሌቱ በር ላይ ቆምኩ። መግቢያ የሚያስከፍሉት ልጅ እግር ዲያቆን ደረሰኝ ሰጡኝና አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ጠሩልኝ።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከስማዳ ነኝ አባቴ፤ ከወገዳ።»

መቋሚያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት። «ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከርኩ ነኝ» አሉኝ። «የእናቶችሽን ቁራሽ በልቻለሁ። ስማዳ ድረስ ወርደን ለምነናል። ውሻችሁ ክፉ ነው፣ እንጀራችሁ ግን ደህና ነው።»

ከዚያ በኋላ አስጎብኚ አልነበሩም፤ የአገር ሰው ሆኑ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው የዞሩባቸውን መንደሮች በስም ጠሩልኝ። ቤተ ልሔምን እኔም አውቃታለሁ፤ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን፣ ከውስጥ ግን በጥርብ ድንጋይ የተሠራ የጥንት ቤተ ክርስቲያን። ውጭ አገር ያወቃት ቶማስ ፓክናም የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1955 በበቅሎ መጥቶ ስላየ ነው። የድጓ ተማሪ ግን ለስንት ትውልድ በውስጧ ሲያዜም ኖሯል፤ «ተገኘች» ሲባል መሪጌታም እኔም ሳቅን።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ፊት ለፊቱ መጋረጃ ተጥሎበታል። መሪጌታ መጋረጃውን በመቋሚያቸው ጫፍ ቀስ ብለው ገለጥ አደረጉት። መጀመሪያ የታየኝ የነጭ ፈረስ ሰኮና ነው፣ ቀጥሎ ዘንዶው፣ ቀጥሎ ጊዮርጊስ። ቀለሙ ከጠበቅሁት በላይ ሕይወት አለው። ከቅዱሳኑ ኋላ ያለው ቢጫ ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ጉንጫቸው ላይ ጥላ አለ፤ ልብሳቸው አበባ በአበባ ነው፣ ሠዓሊው አንዷንም አበባ አልዘለላትም። የጥበብ ሰዎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ይህ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ጠፍጣፋና ደማቅ ነበር።

ጠጋ ብዬ አንድ ማዕዘን አየሁ። ሥዕሉ ያረፈው የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። እዚያ ማዕዘን ላይ ጠርዙ ተላቅቆ ድሩና ማጉ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከሥሩ ምርጊቱ ተፈርፍሯል። አንዲት ሴት የፈተለችው ፈትል ነው፤ ስሟ የትም አልተጻፈም። እጄ ሊነካው ሲዘረጋ መሪጌታ በዓይናቸው መለሱኝ።

«በጎዎቹን እያቸው» አሉኝ። «ሁለት ዓይን አላቸው፤ ፊት ለፊት ያዩሻል። ክፉዎቹ በጎን ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ።» ይህን ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ግን በሌሎቹ ሥዕሎች ላይ እየተዘዋወርኩ ክፉውን ከበጎው ስለይ፣ ጽሕፈት የማያውቅ ሰው ግድግዳውን እንዴት ያነበው እንደነበር ገባኝ።

ከሁሉ ያቆየችኝ እመቤታችን ናት። እጆቿን አመሳቅላ ሕፃኑን ታቅፋለች፤ በጣቶቿ መሐረብ ይዛለች። ይህ አሣሣል መነሻው ሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው፤ ቅጂውን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ይዘውት መጡ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፣ የሐበሻ ዓይንና የሐበሻ ጥለት አወጣች። ከእግሯ ሥር ምንትዋብ ተደፍታለች። ትሕትና ነው እንዳልል የተደፋችበት ቦታ የገባ ሁሉ የሚያየው ቦታ ነው፤ ኩራት ነው እንዳልል ግንባሯ ከመሬት ጋር ነው። ሁለቱም ይመስለኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ መንግሥት የያዘች ሴት ሁለቱንም ታውቅባቸዋለች።

ስንወጣ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሴቶቹ ዛፍ ሥር ዳቦ ቆርሰው ጠላ ይቀዳሉ፤ ቁራሼን ተቀበልኩና ቀሪውን ምሳዬን ፍለጋ ወደ ደቅ መንደር ተሻገርኩ። ደቅ ላይ በሬ ያርሳል፤ ከሐይቁ ዳር ያለችው፣ ቡናዋን በዛፍ ጥላ የምታበቅለው ዘጌ ግን በሬ እንዳይጠመድባት ከጥንት የተከለከለ ነው፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ሥርዓት። እዚህ የዳጉሳ ክምር በየደጁ ቆሟል።

ዓሣ ይሸጣሉ የተባልኩት ቤት እናትየው ቆረሶ የሚባለውን ዓሣ ይዘው ሲቀርፉ ደረስኩ። እኛ ዘንድ ዓሣ እረኞች በወንዝ የሚጫወቱበት ነገር እንጂ ምሳ አይደለም፤ አበሳሰሉን ቆሜ አየሁ። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ በቢላዋ ፈገፈጉት፤ ሆዱን አጸዱ፤ በሁለቱም ጎን አግድም ሰነጣጠቁት፤ ጨውና ሚጥሚጣ ስንጥቁ ውስጥ በጣት አሹ። ዘይቱ ሲንተከተክ ሙሉውን ለቀቁት። ቆዳው እስኪጠነክር አልነኩትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ገለበጡት። ቀላ ባለ የዳጉሳ እንጀራ ላይ አቀረቡልኝ።

«ከጀርባው ጀምሪ ልጄ፤ እሾኩን ሳታዪ አትዋጪ።»

ከጀርባው ጀመርኩ። ሥጋው ነጭ ነው፣ በንብርብር ይላቀቃል፤ ሚጥሚጣው ስንጥቁ ጋ ብቻ ይፋጃል፣ መሐሉ ለስላሳ ነው። የእንጀራው ኮምጣጣነት ዘይቱን ይቆርጠዋል። ባሕር ዳር ከተማ በሎሚና በሰላጣ አሸብርቆ የሚመጣውን ዓሣ ከዚህ ጋር አላወዳድረውም። በሶዬን ለልጆቹ ሰጠሁ፤ እንደ ከረሜላ ተሻሙት።

ዓሣ አጥማጁ ባልየው ቡና ላይ ተቀላቀሉን። ከቆረሶና ከአምባዛ ይልቅ ስለ ነጩ ዓሣ አወሩኝ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ነጩ ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ ይወጣል፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ዕንቁላሉን ይዞ የሚሄደውን ሁሉ ይለቅመዋል። «ያን ጊዜ አንድ ቀን ይበዛል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያንሳል» አሉ። ከጉና በታች ነኝ ስላቸው «እንግዲያማ ዓሣው ወደ እናንተ ነው የሚወጣው» ብለው ሌላ ስኒ አስቀዱልኝ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ይነፍሳል። መልሱ ጉዞ ማዕበል ነበረበት፤ ሴቶቹ እየዘመሩ፣ እኔ ጠርዙን ጨብጬ ማታ ባሕር ዳር ገባን።

ከዚያ በኋላ ባልደረቦቼን ስጠይቅ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መምህራን ናርጋን አየሁ ያለኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አዲስ አበባን ሁሉም ያውቃል። የእኛ ድጓ ያስተማራቸው ሊቃውንት የሚያገለግሉበት፣ የእኛ ተራራ ውሃ የሚያጠጣው ደሴት የቱሪስት ጉዳይ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ ቀን ስጡት። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፣ በጠዋት ተነሡ። ሥዕሉ ፊት የካሜራችሁን ፍላሽ አጥፉ፣ ጨርቁን በጣት አትንኩ፣ መግቢያውን ያለ ክርክር ክፈሉ፤ የተላቀቀውን ጠርዝ ማስጠገኛ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ምሳችሁን ከደሴቱ ሰው ግዙ። እናንት ሴቶች ደግሞ «ብቻሽን ነሽ?» ቢሏችሁ አትመለሱ፤ የናርጋ በር ለሴት ክፍት ነው።