ከልጅ ልጅ ጋር ወደ ዘጌ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። የእኛ አገር ልጆች ብርዱን፣ ጉሙንና የገብሱን ማሳ ያውቃሉ፤ ትልቅ ሐይቅ ግን አብዛኞቹ የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ዘመድ ጥየቃ ባሕር ዳር የሚወርድ ቤተሰብ አንድ ቀን ቆጥቦ ልጆቹን ዘጌ ቢያደርሳቸው እመክራለሁ። እኔም የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ሄጃለሁ።

ዘጌ ወደ ጣና ገባ ብሎ የተዘረጋ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመንገድ ላይ ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲቀዝፉ ልጆች አይተው አይጠግቡም። ከጀልባ ሲወረድ የሚቀበለው የቡና ጫካ ነው፤ የመንደሩ ቤቶችም ከዛፎቹ ሥር ናቸው። በትውፊቱ መሠረት በዘጌ መሬት በበሬ እንዳይታረስ ያዘዙት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው ይላሉ ነዋሪዎቹ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዱላ ይያዝ፤ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ ድንጋይና ሥር ይበዛበታል።

ዑራ ከውጭ ሲያዩት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ ሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ የተሣሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ ነው።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «እማማ፣ ይሄኛው ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?» ብሎ ነበር። በአገራችን የቀድሞ ሠዓልያን ልማድ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ከነገርኩት በኋላ ክፉውን ከደጉ እየለየ ግድግዳውን ዞረው። በበላዔ ሰብእ ታሪክ ላይ ቆየን። ያን ሁሉ ሰው የበላ ሰው፣ ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት አገኘ ስለው ዝም ብሎ አሰበ። ሥዕሎቹ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ማስተማሪያ ነበሩ፤ አጠገቡ የሚተርክለት ሰው ካላገኘ ግን ልጅ ቀለሙን ብቻ አይቶ ይመለሳል። እኛ አያቶች የምናስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ታሪኮቹን በቤት አውሩላቸው። ሸማው አርጅቷልና ግድግዳውን በእጅ እንዳይነኩ፣ በካሜራ ብልጭታም ፎቶ እንዳያነሱ ንገሯቸው።

ብዙ ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ነኝና ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጀልባ ላይ ልጁ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ በሐይቁ ዳር እግሩን እንዲነክር እንኳ አትፍቀዱ። ቢልሃርዝያ በዘጌ ነዋሪዎች ላይ የተገኘ በሽታ ነው። ጥገኛው ተባይ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። ከሳምንታት በኋላ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ልጁን አስመርምሩት፤ መድኃኒት አለው።

ሦስተኛው የወባ ጉዳይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወባ አለበት፤ የደጋ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ አልለመደውም። ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኛ። ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ፣ በሳምንትም ይሁን በወራት፣ ትኩሳት ከያዘው «ብርድ መቶት ነው» ብላችሁ አታሳድሩት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ባሕር ዳር ከርሞ እንደመጣ ቀድማችሁ ተናገሩ። መካነ ሰላም ላይ ያለ ባለሙያ ይህን ካልሰማ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል።