አንቴና የሆንኩበት ማታ

ትናንት ማታ ልጄ ስልኬን ገልበጥ አድርጎ አየና «አባዬ፣ የሬዲዮው አንቴና ይታያል፤ የስልኩ የታለ?» አለኝ። እንጀራዬ የስልክ ማማ ላይ እየወጡ አንቴና መስቀልና ማስተካከል ነው፤ ለዚህ መልስ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን ዝም አልኩ። ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። እስቲ ላጫውታችሁ፤ ትንሽ ረዘም ይላል።

ግንቦት 1992 ነው። የ9 ዓመት ልጅ ነኝ። አጎቴ፣ የአባባ ታናሽ፣ ግንባር ነው ያለው። ደብዳቤው ከቀረ ወራት አልፏል። መብራት ሰፈራችን አልገባም፤ አባባ ግን ባለ አራት ድንጋይ ሬዲዮ አለችው። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የሬዲዮዋ አንቴና ድሮ ተሰብሮ የቀረው ጉቶው ብቻ ነው። አባባ ጉቶው ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ፣ በመስኮት አውጥቶ፣ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር አስሮታል። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የውጭ ጣቢያዎችን የሚያዳምጠው በዚያች ሽቦ ነው።

እኔ ደግሞ የሽቦ መኪና እየሠራሁ ማሰሪያ አጣሁ። የሚሆነውን ገምቱ። የፈለግኩት ትንሽዬ ነበር፤ ግን ከመስኮቱ ሥር ቆረጥኳትና የቀረውን ከዛፉ አውርጄ፣ ቆራርጬ ጎማና መሪ አሰርኩበት።

ማታ ሬዲዮዋ ተከፈተች። ሽሽሽሽ ብቻ። አባባ ሽቦዋን በእጁ ተከትሎ ሄደና መስኮቱ ላይ አለቀችበት። ዞሮ አየኝ። ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። በርጩማ ላይ አቆመኝና ጉቶውን በጣቶቼ አስያዘኝ። «በል፤ የቆረጥክ አንተ፣ ሽቦ የምትሆነውም አንተ!» ከዚያ ሬዲዮዋን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀፋት።

ድምፁ መጣ! ስለቅ ይጠፋል፣ ስይዝ ይመለሳል። «ሌላውን እጅህን ወደ ላይ!» ይለኛል፤ ከፍ ሳደርግ ትንሽ ይጠራል። ባሬንቱ የሚባል ስም መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው፣ እጄን ሰቅዬ። ሬዲዮ የአንድን ወታደር ስም እንደማይጠራ አባባ መቼም አያጣውም። ግን ዜናው እስኪያልቅ ዓይኑን ከእኔ እጅ አልነቀለም።

ለብዙ ዓመት ይሄንን እንደ ቅጣት ብቻ ነበር የማስበው። ኮሌጅ ገብቼ ነው በትክክል አንቴና እንደነበርኩ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽቦ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ዝም ብሎ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኮረንቲ ሞገድ አይልክም፤ የእጅ ባትሪ ስታበሩ ሬዲዮ ላይ ምንም አይሰማም። ማሰራጫ ጣቢያው የሚያደርገው ኤሌክትሮኖቹን ወዲያና ወዲህ ማላጋት ነው፤ በ12 ሜጋኸርትዝ ከሆነ በሴኮንድ 12 ሚሊዮን ጊዜ። ኤሌክትሮኑ ሲዞር በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ መስክም አብሮት መዞር አለበት። ችግሩ፣ የመዞሩ ወሬ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት፣ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርብ ያለው ሰምቷል፣ ሩቅ ያለው ገና አልሰማም። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው እጥፋት ተላቆ ይሄዳል። ሞገድ የምንለው እሱን ነው። አንዴ ከተላቀቀ አይመለስም፤ ጣቢያው ቢጠፋ እንኳ መንገዱን ይቀጥላል።

መቀበል ደግሞ ያው ነገር ሲገለበጥ ነው። ሞገዱ መጥቶ ያገኘውን ኤሌክትሮን ሁሉ ይገፋል፤ የአጥሩን ሽቦ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ የእኛን ሰውነት። ሰው እኮ በአብዛኛው ጨዋማ ውኃ ነው፣ ኮረንቲ ያስተላልፋል። እንደ መዳብ ጎበዝ ባይሆንም ለአንድ ማታ ዜና ይበቃል።

ርዝመቱስ? 300ን ለሜጋኸርትዙ አካፍሉ፤ የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይወጣል። 12 ሜጋኸርትዝ 25 ሜትር ነው። አንቴና የዚህ ግማሽ ወይም ሩብ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ እንደ ዥዋዥዌ ይሆናሉ፤ ተመልሰው ሲመጡ ቀጣዩ ግፊት ልክ ሰዓቱ ላይ ያገኛቸዋል። ኤፍ ኤም 100 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ስለሆነ ሞገዱ 3 ሜትር፣ ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። የሬዲዮ ዘንግ ወደዚያ የሚጠጋው ለዚህ ነው። የስልክ 900 ሜጋኸርትዝ ሩቡ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስልኩ ጠርዝ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ለልጄም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ አላመነኝም።

አንድ ነገር ግን ላርም፤ አጭር ሞገድ ለማዳመጥ ሽቦ በረዘመ ቁጥር ይሻላል የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከተወሰነ በኋላ ድምፁም ሽሽታውም እኩል ያድጋል። ከቤት ማውጣትና ከፍ ማድረግ ይበልጣል። አባባ ፊዚክስ ሳይማር ባሕር ዛፍ መረጠ።

ከላይ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ። ያን ጊዜ የጀርመን ድምፅ ኪጋሊ ላይ የራሱ ማስተላለፊያ ነበረው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው የተዘጋው። ከዚያም ይምጣ ከአውሮፓ፣ አጭር ሞገድ እኛ ጋ የሚደርሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው አዮኖስፌር ተመልሶ ነው። ያ ንብርብር አይረጋም። በተለያየ መንገድ የመጡት ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣፋፋሉ። ድምፁ ሄድ መጣ የሚለው ለዚህ ነው። ያን ማታ ሲደክም በእኔ ጥፋት መስሎኝ እጄን ይበልጥ እዘረጋ ነበር።

ቆይቶ የገባኝ የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። አንቴና ሁለት ክንድ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ሲሸሽ ሌላኛው ጋ ነው የሚሄደው። በትንሽ ሬዲዮ አንዱ ክንድ ዘንጉ ሲሆን ሌላው የሬዲዮዋ ገላና የያዛት ሰው ነው። ፕላስቲኳ በሴኮንድ 12 ሚሊዮን ጊዜ ለሚመላለስ ኮረንቲ ግድግዳ አይሆንበትም። እና ያን ማታ አንዱ ክንድ እኔ ነበርኩ፤ ሌላው ክንድ ሬዲዮዋን አቅፎ የተቀመጠው አባባ።

በማግስቱ መኪናዬን ራሱ ፈታታት። ሽቦዋን እየቋጠረ ቀጣጠላትና መልሶ ሰቀላት፤ ቋጠሮዋ ብቻ አሥር ይሆናል።

አጎቴ መስከረም 1993 በእግሩ መጣ፣ ማንም ሳይነግረን። የመጣ ቀን ሬዲዮዋ ድንጋይ ጨርሳ ነበር።