የጻፈው የማን ልጅ ነው?

በነሐሴ 2014 ወልቂጤ ሱቋን ቆልፋ ቤቷ ዋለች። ጥያቄው «ክላስተር ሳይሆን ክልል እንሁን» ነበር። ጡሩምባ የነፋ የለም፤ ጥሪው ከሞባይል ወደ ሞባይል ዞሮ ነው ከተማው ጭር ያለው። የዞኑ ምክር ቤትም በዚያው ወር የክላስተሩን ሐሳብ በድምፅ ጣለው። ዓመት ቆይቶ ግን ጉራጌ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባ።

መንግሥት የስልክን ጉልበት ያወቀው ቀደም ብሎ ነው። ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ የጠፋው የጽሑፍ መልእክት የተመለሰው በ2000 መግቢያ ነው። «ደርሻለሁ» ለማለት እንኳ መደወል ግድ ነበር!

በየካቲት 2015 ደግሞ የወልቂጤ ሰው ጀሪካን ይዞ ወጣ። የጠየቀው የሚጠጣ ውኃ ነው። ኢሰመኮ ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ስልክ ባይኖር ኖሮ ይህን ወሬ አዲስ አበባ መቼ ይሰማው ነበር?

አታት፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን ይህንኑ ስናነሳ አንድ አባት ፌስቡክ ላይ የወጣ ጥሪ ተነበበላቸውና «የጻፈው የማን ልጅ ነው?» አሉ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። እሳቸው የሚያውቁት ሸንጎ የጆካ ነው፤ የሚቃወም ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ካልተግባቡ ይቀጠራል። ጀፎረ ላይ ጭምብል የለም። ፌስቡክ ላይ ግን ባሕር ማዶ ያለውም «ሱቅህን ዝጋ» ይላል፤ ሱቁ ቢታሸግ የሚከስረው የወልቂጤው ነው።

እንዲያም ሆኖ ስሙን በደበቀው አልፈርድም። በስሙ ተናግሮ በሰላም የሚያድር ቢሆንማ ማን ይደበቃል?