ተማሪዎቼ እኔን እንዲመስሉ እመኛለሁ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ዋሽንግተን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወገኖቼ ልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። አንዱ ልጅ የእኔን ቀለም፣ የእኔን መስመር ይዞ ሲመጣ ልቤ በደስታ ይሞላል። የራሱን ነገር ይዞ የመጣውንም አመሰግነዋለሁ፤ ውስጤ ግን ቅር ይለዋል። ከዚህ ስሜት ጋር በተፋጠጥኩ ቁጥር ፊቴ የሚቆመው ጄፍ ዶናልድሰን ነው።

ዶናልድሰን በ1932 (በፈረንጅ አቆጣጠር) አርካንሳስ፣ ፓይን ብላፍ ተወለደ። ሠዓሊና የሥዕል መምህር ነበር፤ ጃዝንም ከልቡ ይወድ ነበር። በ1967 እሱና ጓደኞቹ በደቡብ ቺካጎ አንድ ሕንፃ ላይ የጥቁር ሕዝብ ጀግኖችን ሥለው «የክብር ግድግዳ» አሉት። ሥራውን በየዘርፉ ሲከፋፈሉ የጃዙን ክፍል ከያዙት አንዱ ዶናልድሰን ነው፤ ጆን ኮልትሬንና ቴሎኒየስ ሞንክ እዚያ ተሥለው ነበር። ግድግዳው በሕዝብ መንገድ ላይ፣ ሙዚየም ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ የቆመ ነበር። በዓመቱ ዶናልድሰንና ሌሎች ሠዓሊዎች በኋላ አፍሪኮብራ የተባለውን የሠዓሊዎች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ከሚመራባቸው ሐሳቦች አንዱ ከሙዚቃ የመጣ ነው፦ ቅርጹ እንደ ምት ይደጋገማል፣ ዓይን ሲለምደው ደግሞ ይለወጣል። የጃዝ ከበሮ መቺ የለመድከውን ምት ትንሽ አዛንፎ እንደሚያነቃህ ማለት ነው።

በ1970 ዶናልድሰን እዚህ ዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ሆነ። የእኛ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በኋላ እዚያው ሃዋርድ እስከ 2001 አስተምሯል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከአዲስ አበባ መጥቶ በ1980 ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘው ከዚሁ ክፍል ነው። ወሰኔ ጃዝ እየሰማ ይሥላል፤ በሸራው ላይ የሚጨፍሩት ግን የኛ ፊደላት ናቸው። ከቺካጎው ግድግዳ አጠገብ ብታስቀምጡት የዶናልድሰንን እጅ አታገኙበትም። የመምህርነትን ልክ የማየው እዚህ ላይ ነው።

በጃዝ ቡድን ውስጥ መሪው ዜማውን ይጀምርና ለሌላው ይለቃል። ተራው የደረሰው ተጫዋች የመሪውን ዜማ እንዳለ ቢደግመው ማንም አይቆጥርለትም፤ ከእሱ የሚጠበቀው ዜማውን ይዞ የራሱን መንገድ ማውጣት ነው። ያን ጊዜ መሪው ዝም አይልም፣ ከሥር ሆኖ ይደግፈዋል። እኔ ሙዚቃውን ክፍሌ ውስጥ እከፍታለሁ፣ ኮልትሬንም ሞንክም ይጫወታሉ። መልቀቁ ላይ ግን እጄ ይጨብጣል።

ይህ ምኞቴ ከባህላችን የመጣ ነው እንዳልል ሕሊናዬ ይከለክለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪ የመምህሩን አሣሣል ይቀዳል፣ እውነት ነው። ያ መምህር ግን ራሱ ከአባቶቹ የተቀበለውን ነው የሚያስተላልፈው፤ ብዙ ጊዜም ስሙን ሥዕሉ ላይ አይጽፍም። በዚያ መቅዳት ውስጥ ትሕትና አለ። የእኔ ሌላ ነው። ልጅ አልወለድኩም፤ ስሞት እጄ በሌላ ሰው እጅ ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ብሩሹን ሲያነሣ የእኔን የሞት ፍርሃት አብሮ እንዲሸከም መፈለግ ፍቅር አይደለም። ይህን ስጽፍ እንኳ ምኞቱ አልለቀቀኝም።

ሥራም ሠሪም ያልፋል። የክብር ግድግዳ ያረፈበት ሕንፃ በ1971 ተቃጥሎ ፈረሰ፤ የግድግዳው ዕድሜ አራት ዓመት ነበር። እስክንድር በ2003፣ ዶናልድሰን በ2004 አረፉ።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ» የሚባል የአሉሚኒየም ሥራ አለ፤ እስክንድር በዕድሜው ማምሻ ከሃዋርድ ተማሪው ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ነው። ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። መምህሩና ተማሪዋ በአንድ ሥራ ላይ እኩል ስማቸው እንደሚጠራም ንገሯቸው። ቅዳሜ ወደ እኔ ስትልኳቸው ደግሞ «መምህራችሁን ምሰሉ» አትበሏቸው።