ጡት ማጥባት የእናት ብቻ ሥራ ነውን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ስለ ጡት ማጥባት ሲያስተምረን ነገሩን በእናት ትከሻ ላይ ብቻ አልጣለውም። ማጥባትን ማሟላት ለሻ ሰው ጊዜው ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን ይገልጽና ወዲያው ወደ አባት ይዞራል። የእናቲቱ ምግብና ልብስ እንደ አቅሙ በእርሱ ላይ ነው። ከጊዜው በፊት ጡት ማስጣል ቢያስቡም ሁለቱ ተማክረውና ተስማምተው መሆን አለበት። እኛ አባቶች ግን «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» እያልን ከአራስ ቤት ደጃፍ እንመለሳለን።

እኔ በሮቤ ልጆችን ቁርኣን አስቀራለሁ። ጎረቤት ሲወልድ በሕፃኑ ጆሮ አዛን እንድል እጠራለሁ። ከጎባ ወጥቶ ሳነቴን ካቋረጡ በኋላ ወደ ሃረና በሚወርዱት መንደሮችም ዘመድ ስላለኝ እዚያም ይኸው ገጥሞኛል። ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ነው። እናቲቱ ተጋድማለች፤ ሕፃኑ በአያቱ እቅፍ ነው፤ በማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ማር ተዘጋጅቷል። «ወተቷ እስኪወርድ ጉሮሮውን ያርጥብለት» ይባላል። ቢጫው እንገር ደግሞ «ሆድ ይነፋል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል።

ውድ አንባቢያን! ከብቱን ወደ ሃረና ጫካ አውርዶ የሚያግድ ባላገር ጥጃን እንገር አይከለክልም። እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠና ያውቃልና። ታዲያ ለጥጃው ያልነፈግነውን ለልጃችን ስለምን እንነፍጋለን? እንገር መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ጋሻው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እስከ 6 ወር ውኃ እንኳ ሳይጨመር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከ100ው 58 ያህሉ ነበሩ።

ማርን በተመለከተ፣ የሃረና ማር የቤታችን ክብር ነው። ቁርኣንም በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ መኖሩን ነግሮናል። ይሁን እንጂ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችልና የአዋቂ ሆድ የሚቋቋመው ረቂቅ ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ አመንጭቶ ጡንቻውን ሊያዝል፣ ትንፋሹንም ሊያሳጥር ይችላል። «ተሕኒክስ?» የሚሉ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቴምር አላምጠው የሕፃናትን ላንቃ ማሸታቸው የታወቀ ሱንና ነው። ነገር ግን ይህ ላንቃን መንካት እንጂ ምግብ ማብላት አይደለም። ቅቤ በማንኪያ ለማጉረስም ሆነ ጡትን ለማዘግየት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ ልጃችን በተወለደ በሦስተኛው ሌሊት ለቅሶው አልቆም አለ። ዘመዶች «ወተት የላትም» አሉ። ቅቤው ቀለጠ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ በዝግታ «እባክህ አንተ ንገራቸው፤ እኔን አይሰሙኝም» አለችኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያስተማረቻትን ሁሉ ታውቃለች። የጎደላት ዕውቀት ሳይሆን ከጎኗ የሚቆም ሰው ነበር። አማቴን «እማማ፣ አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎት፤ ልጁ ግን ጡት ብቻ ይያዝ። እርስዎ አጥሚቱን ለእርሷ ይስጡልን» አልኳቸው። ትንሽ ቅር ቢላቸውም አጥሚቱን አመጡ። ሌሊቱን ሙሉ ልጁን እያነሣሁ አቀበልኳት። በማግስቱ ጡቷ ሞላ።

እናቶች ሆይ! በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት ማነሱ የተለመደ ነው፤ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ ነው። ወተት ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይጨምራል። በቅቤ የጠገበ ሕፃን ግን ጡቱን ይተዋል፤ ወተቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ክብደቱም ከጨመረ፣ ወተቱ በቅቶታል ማለት ነው። ሲጠባ የሚያምሽ ከሆነ ጫፉን ብቻ ይዞ ይሆናልና አፉን በሰፊው ከፍቶ በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር ይያዝ። ጡትሽ ቀልቶና ደድሮ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ወይም ልጁ መጥባት ካቃተው፣ ፈጥነሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አባቶች ሆይ! ገንፎ ለመብላት የተሰበሰበው ጎረቤት ከቀናት በኋላ ይበተናል። ውኃው፣ እንጨቱ፣ በሃረና የቡና ለቀማው፣ በሮቤ የስንዴው አጨዳ ግን አራሷን ይጠብቃታል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ታላቅየውን ልጅ መያዝ የባልን ክብር አይቀንስም። ከዚህም በላይ «ወተት የላትም» ሲባል ቀድሞ መልስ መስጠት ያለበት የባሏ አንደበት ነው። በአንቀጹ ላይ ስማችን ከእናት ጋር የተጠራው ቆመን እንድንመለከት አይደለም።

አላህ አራሶቻችንን በጤና ያቁምልን፤ ልጆቻችንንም የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።