ጾም ነን

ኦርላንዶ የሚወርድ የሐበሻ ቤተሰብ ከመዋኛ ገንዳው በፊት የሚያስፈልገው ወጥ ቤት ነው። ሁለት ሰፊ አልጋ፣ አንዲት ጉልበት የማትደርስ ፍሪጅና ማይክሮዌቭ ያለው የሆቴል ክፍል ለአንድ ለሁለት ሌሊት ያገለግላል፤ አያት፣ ወላጅና ልጆች አንድ ላይ ሲከርሙበት ግን ቤተሰቡ መኮራረፍ ይጀምራል። እኛ ደግሞ የሄድነው በነሐሴ፣ ፍልሰታ ገብቶ ነው። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ሰንብተዋል። ጾሙ እስኪፈታ እንጠብቅ እንዳንል ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ልጆቹም ዲዝኒ ተብሎ ቃል ከተገባላቸው ቆይቷል። እማማ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም። ስለዚህ የቤት ፍለጋው የተጀመረው ከምድጃ ነው፦ ከዲዝኒ ብዙ ያልራቀ፣ ድስት የሚጣድበት፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው፣ ቡና ሲቆላ የጭስ ማንቂያው የማይጮህበት።

እንዲህ ያለ ኮንዶ እዚያ አገር ሞልቷል። ጣጣው ከጥሩ ጥሩው ብዙው ታይምሼር መሆኑ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ታይምሼር ማለት አንድን የመዝናኛ አፓርታማ በሳምንት ወይም በነጥብ ሸንሽኖ ለብዙ ሰው መሸጥ ነው። የገዛው ሰው በዓመት አንድ ሳምንት ያህል ያርፍበታል። ዋጋው በአማካይ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የጥገና የሚባል ዓመታዊ ክፍያም አለው፤ ሄዳችሁ አረፋችሁም ቀራችሁም ይከፈላል፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣም ይጨምራል። ልሽጠው ሲሉ ደግሞ ገዢ የለም፤ ኢንተርኔት ላይ በአንድ ዶላር ውሰዱልኝ የሚሉ ባለቤቶች ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢ አይጠራም። ሰው አስቀምጦ፣ ቁርስ አብልቶ፣ አግባብቶ ነው የሚሸጠው። የ90 ደቂቃ ገለጻ ነው ይባላል፤ ግማሽ ቀን ሄዶባቸው የወጡ ግን ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ካልመጡ አይቀበሉም። ብልሃቱ ግልጽ ነው፦ «ከባለቤቴ ጋር ልማከርበት» ብሎ የሚወጣበት በር አስቀድሞ ተዘግቷል።

እኛን ደግሞ ይሄ አሠራር በደካማ ጎናችን ነው የሚመጣብን። የሰው ማዕድ ቀርበን፣ ጎርሰን፣ ወዲያው «አይ፣ አንፈልግም» ብሎ መነሳት የሚከብደን ሰዎች ነን። ሻጩ ልጆቹን በስማቸው እየጠራ ጭማቂ ሲቀዳላቸው ይሉኝታ ይይዘናል። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቢጠየቅ፣ ታይምሼር ገዝቶ የተጸጸተ አንድ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በርትቶ እምቢ ስለማለት የሚሰጠውን ምክር ብዙም አላምንበትም። የሚሻለው ከጠረጴዛው የማያገናኝ ቤት መያዝ ነው።

ፍለጋውን ያቀለለልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ቁልፉን የሚሰጠኝ ማን ነው?

በሆቴል ማስያዣ ገጾች ላይ ታይምሼሩም፣ የግለሰብ ኮንዶውም፣ ተራው ሆቴልም ጎን ለጎን ተደርድረው ይመጣሉ። ፎቶው ሁሉ ያው ነው፤ ነጭ አንሶላ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘንባባ። ስሙ ላይ «ቬኬሽን ክለብ» የሚል ካለ ነገሩ ገባችሁ ማለት ነው። ዋጋው ከጎረቤቶቹ በግማሽ ካነሰ ደግሞ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፤ ዕድሜያችሁን፣ ገቢያችሁንና ባለትዳር መሆናችሁን የሚጠይቅ ከሆነ የክፍሉን ቀሪ ሂሳብ የምትከፍሉት በጆሯችሁ ነው። ያለዚህ ቅድመ ሁኔታ፣ በመደበኛው ዋጋ የተያዘ የታይምሼር ክፍል ገለጻ ላይ እንድትገኙ አያስገድድም። ወደ ገለጻው የሚጋብዘው ጠረጴዛ ግን መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ይጠብቃችኋል። ሳምንቱን ከገዛው ሰው ላይ በርካሽ ብትከራዩትም ያው ነው።

የዲዝኒ የራሱ ታይምሼር ከ1991 ጀምሮ አለ። የዚያ አባላት ነጥባቸውን ያከራያሉ፤ በእነሱ ነጥብ የገባ ሰው ዲዝኒ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ እጁን የሚጎትተውም የለም። ግን አንዴ ከተከፈለ ገንዘቡ በአብዛኛው አይመለስም፤ ሙሉ ወጥ ቤት ለማግኘትም ከስቱዲዮው ከፍ ያለውን መያዝ ግድ ነው። ለኪሳችን አልሆነም።

የቀረን የግለሰብ ኮንዶ ነው። ከዲዝኒ በስተደቡብና በስተምዕራብ፣ በሀይዌይ 192 ግራና ቀኝ ኪሲሚ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ኪራይ ተብለው የተሠሩ የታጠሩ ሰፈሮች አሉ፤ ዊንዘር ሂልስና ኤመራልድ አይላንድ ከታወቁት ናቸው። የቤቶቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ ሌላ ስቴት ወይም እንግሊዝ አገር ይኖራሉ። ለአንዷ ባለቤት ስጽፍላት ስለ አንሶላና ስለ ፎጣ አልጠየቅኋትም። የመኪና ማቆሚያ ፈቃዱን ከየት ነው የምወስደው? ቁልፍ ለመቀበል የምሄድበት ቢሮ አለ? በረንዳው በወንፊት የተከለለ ነው? የመጨረሻው የቡና ጥያቄ መሆኑን አልነገርኳትም። «ኮዱ ጠዋት በስልክህ ይደርስሃል፤ ቀጥታ ወደ በሩ ሂድ» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ የፍሎሪዳን የፈቃድ መዝገብ ከፍቼ የቤቷን ፈቃድ አየሁ፤ በስቴቱ ሕግ እንዲህ የሚከራይ ኮንዶ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። ታክሱን አትርሱ። ኪሲሚ ያለችበት ኦሴዮላ ካውንቲ 13.5 በመቶ፣ አጎራባቹ ኦሬንጅ ካውንቲ 12.5 በመቶ ነው። የጽዳት ክፍያን መጨረሻ ላይ ብቅ ማድረግ ግን ከግንቦት 2025 ወዲህ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል፤ ከመጀመሪያው ሙሉ ዋጋ መታየት አለበት።

የባለቤቴ ወንድም ከአትላንታ ሊቀላቀለን ነበር። እሱ ይሄን ሁሉ መልፋት አልወደደም፤ በእኛው ሰፈር አቅራቢያ አንድ ትልቅ ሪዞርት በጥሩ ዋጋ ያዘ።

የሄድነው መኪና በሚጭነው ባቡር ነው። ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ ከቀኑ 11 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ያወርዳል። መኪናው ከኋላ ባሉት ዝግ ፉርጎዎች ስለሚጫን ሌሊቱን ወደ ዕቃ መመለስ የለም። እማማ እንቅልፍ ያጡት ኋላ ስለቀረው እንጀራ ነው።

ከሳንፎርድ አይ-4ን ይዞ መውረድ ነው። 192 ላይ ሲገባ የግማሽ ብርቱካን ቅርጽ ያለው የስጦታ ዕቃ ሱቅ፣ የሚኒ ጎልፍ ሜዳዎች፣ «ርካሽ የዲዝኒ ቲኬት» የሚሉ ሰሌዳዎች ይደረደራሉ። ከመጠን በላይ የረከሰው ቲኬትም አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ያው ገለጻ አለ። የዲዝኒ መሬት ራሱ የተገዛው ከሻጭ ዓይን ተሸሽቶ መሆኑ ይገርመኛል። ዋልት ዲዝኒ በ1960ዎቹ ስሙን ደብቆ፣ በማይታወቁ ኩባንያዎች ስም ወደ 27 ሺህ ኤከር ረግረግና የከብት መሬት ሲገዛ አንዱን ኤከር በአማካይ በ200 ዶላር ገደማ ነው ያገኘው። በ1965 ገዢው ማን እንደሆነ ጋዜጣ ሲያወጣው የአካባቢው መሬት ዋጋ ሰማይ ወጣ። እሱ በ1966 ሞተ፤ ማጂክ ኪንግደም የተከፈተው በ1971 ነው።

ወደ ወንድምየው ሪዞርት አብረነው ገባን። ቁልፍ የሰጠው ልጅ በፈገግታ፣ «የመኪና ማቆሚያ ካርዳችሁን ከዚያኛው ጠረጴዛ ውሰዱ» አለ። እዚያ የተቀመጠችው ሴት ከፊቷ የአካባቢውን ካርታ ዘርግታለች፤ ካርዱ ከክርኗ ሥር ይታያል። ቅጽ ሰጠችው፤ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል። ከየት እንደመጣን ጠየቀች፣ ቡናችንን አደነቀች፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀች። ከዚያ ካርታው ላይ በእስክሪብቶ እያከበበች፣ ነገ ጠዋት ቁርስ በእኛ ነው፣ ግቢውን እናስጎበኛችሁና 100 ዶላር በስጦታ ካርድ ትወስዳላችሁ አለች።

«ምን ትላለች?» አሉ እማማ።

«ቁርስ ልጋብዛችሁ እያለች ነው፣ እማዬ።»

«ጾም ነን በላት።»

ተረጎመላት። አልተበገረችም፤ ፍራፍሬ አለ፣ አጃ በውሃ የተቀቀለ አለ፣ ወተት የሌለው አለ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አንቀምስ በላት።»

ይሄን ሲተረጉምላት የምሳ ፕሮግራምም እንዳለ ነገረችን። ይኼኔ እኔ ገባሁበት። በየትኛውም ሰዓት አንመጣም፣ የመጣነው ለካርዱ ብቻ ነው አልኳት። ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፤ ክርኗን አነሳች። ምክንያት አለመደርደሩ ነው የሚያዋጣው። ምክንያት ከሰጣችኋት እያንዳንዱን የምታፈርስበት መልስ አዘጋጅታለች፤ ለጾማችን እንኳ ኦትሚል ነበራት።

መኪና ውስጥ እማማ ጉዳዩ ይብራራልኝ አሉ። ልጃቸው አስረዳቸው።

«ታዲያ ያ የየዓመቱ ክፍያ እስከ መቼ ነው?»

«አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ነው። ለልጅም ይተርፋል።»

«እድርስ ስትሞት ይቀብርሃል። ይሄ ምን ያደርግልሃል?»

ገለጻው ላይ ተቀምጦ የፈረመ ሰው ቢኖር ፍሎሪዳ አንድ በር ትታለታለች። ውሉን ከፈረመበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበለበት ዕለት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ በሚቆጠሩ 10 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አሳውቆ መሰረዝ ይችላል፤ ይሄን መብቱን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው አይጸናም። ብዙ ቤተሰብ ግን ቀኑን ዲዝኒ ውስጥ ሲዞር ይጨርሰዋል፤ ውሉን አውጥቶ የሚያነበው ቤቱ ሲመለስ ነው።

እኛ ኮንዶ ስንደርስ የተቀበለን የለም። ኮዱን ነካን፣ በሩ ተከፈተ። ያማረ ቤት ነው ብዬ አላጋንን። ድስቶቹ ስስ፣ ቢላዋው ዶልዱም፣ ሶፋው ብዙ እንግዳ የተቀመጠበት ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃው እስኪግል ሽሮው በትዕግስት ይጠብቃል። መዋኛው ከወንድምየው ሪዞርት ጋር አይወዳደርም፤ የእነሱ ሸርተቴ አለው፣ ልጆቹም መዋል የሚፈልጉት እዚያ ነበር። ግን ሁለት መኝታ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያና ትልቅ ፍሪጅ አለን፤ እማማም የራሳቸው በር አላቸው፣ ጠዋት ዘግተው ይጸልያሉ። በረንዳው ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከቤት ያመጣናትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እዚያ ሰክተን፣ የሳሎኑን የመስታወት በር ጥርቅም አድርገን ዘግተን ቡናው ተቆላ። ማንቂያው ትንፍሽ አላለም።

የቅርበቱ ጥቅም የገባኝ በዝናቡ ነው። በነሐሴ ኦርላንዶ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓድ ይጀምራል፤ መብረቅ ሲቃረብ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ሰው ሁሉ በየጣሪያው ሥር ተጣቦ ሲጠብቅ እኛ መኪናችንን አስነስተን ቤት ነን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ምስሩና ሱፍ ፍትፍቱ ይቀርባል፣ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ማታ ለርችቱ እንመለሳለን። የመኪና ማቆሚያ ያኔ በቀን 30 ዶላር ነበር፤ የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዞ በዚያው ቀን ተመልሶ መግባት ይቻላል። ለማጂክ ኪንግደም ደግሞ መኪናው ከሐይቁ ማዶ ቆሞ በጀልባ ወይም በሞኖሬይል ነው የሚሻገሩት። እማማ ከዲዝኒ ሁሉ የወደዱት ጀልባዋን ነው፤ ሞኖሬይሉ ቶሎ ያደርሳል ብንላቸውም እሺ አላሉም።

ወንድምየው ወደ አትላንታ ከተመለሰ በኋላም በ407 የሚጀምር ቁጥር ይደውልለታል። ያገኙት ያን ዕለት ከሞላው ቅጽ ነው። አንድ ቀን እናቱ እሱ ጋ ሳሉ ሲሰለቸው ስልኩን ሰጣቸው፤ እሳቸውም የደወለችውን ልጅ በአማርኛ ስለ ጤንነቷ፣ ስለ እናትና አባቷ፣ አግብታ እንደሆነ ረጋ ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ራሷ ዘጋችው። እኔ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቅጹ ላይ ስልክ የሚለውን ባዶ ተወው ብዬዋለሁ፤ ካርዱ የመኪናው ታርጋ እንጂ የእሱ ቁጥር አያስፈልገውም።