የመንበርከክ መብት

የበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂ ሥራው መውደቅ ነው። ይንበረከካል፣ ይጋደማል፣ እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በረዶው ላይ ይለጠፋል። በረዶን የሚያውቀው ቆርቆሮ ጣራ ሲደበድብ ብቻ ለሆነ እንደኔ ላለ ተመልካች፣ ሰውየው እግር የከዳው ይመስላል። ግን መብቱ ነው። መብት ከሆነ ደግሞ ያስከበረለት ሰው መኖር አለበት ብዬ ዱካውን ስከተል ሌስተር ፓትሪክ የሚባል ካናዳዊ ጋ ደረስኩ።

ፓትሪክ በፈረንጆቹ 1883 ኩቤክ ውስጥ ተወለደ። በሱ ዘመን ተከላካይ ቦታውን ጠብቆ መቆም እንጂ ፓክ የምትባለዋን የጎማ ክብ እየገፋ ወደ ተጋጣሚ ጎል መንጎድ ልማዱ አልነበረም፤ እሱ ይነጉድ ነበር። ከሞንትሪያል ዋንደረርስ ጋር በ1906 እና በ1907 የሆኪን ታላቁን ዋንጫ፣ የስታንሊን ዋንጫ በላ። ቀጥሎ ሬንፍሩ የምትባል ትንሽ የኦንታሪዮ ከተማ በ3000 ዶላር አስመጣችው፤ ዋንጫ ግን አላገኘችበትም።

በ1911 አባቱ የእንጨት ንግዳቸውን ሸጡ። ሌላ ቤተሰብ ቢሆን በገንዘቡ መሬት ይገዛበት ነበር። ሌስተርና ወንድሙ ፍራንክ ግን ክረምቱ ለስለስ ወዳለበት ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ወስደው፣ ቪክቶሪያና ቫንኩቨር ላይ በረዶው በማሽን የሚረጋ አዳራሽ ሠሩበት። በካናዳ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ሊጉንም ራሳቸው አቋቋሙ፤ ባለቤት እነሱ፣ አሰልጣኝ እነሱ፣ ተጫዋች እነሱ፣ ሕግ አውጪም እነሱ። ይህን ያህል ሥልጣን አንድ ቤት ሲገባ እኔ በበኩሌ እሰጋለሁ። ወንድማማቾቹ ግን ሜዳውን የሚከፍሉትን ሰማያዊ መስመሮች አሰመሩ፣ ወደፊት ማቀበልን ፈቀዱ፣ ግብ ጠባቂንም ከመቆም ግዴታ ነጻ አወጡት። እስከዚያ ድረስ ሆን ብሎ የተንበረከከ ይቀጣ ነበር።

በምሥራቅ በኩል መብቱ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የኦታዋው በረኛ ክሊንት ቤኔዲክት ፓኳ ስትመጣ በጉልበቱ ዱብ ይላል፤ ዳኛው ሲያፈጥበት ያዳለጠው፣ አለዚያም ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል። ጸሎተኛው ቤኒ የሚል ስም ወጣለት። የሚቀጣው ዳኛ ጨነቀውና የምሥራቁ ሊግ ኤንኤችኤል በጥር 1918 እጁን ሰጠ። በድፍረት ካወጁት ከፓትሪኮች ይልቅ ይህ ሰውዬ ይጥመኛል።

ፓትሪክ ቪክቶሪያን እያሰለጠነ በ1925 የስታንሊን ዋንጫ ወሰደ። በማግስቱ ዓመት የምዕራቡ ሊግ ሲፈርስ የኒውዮርክ ሬንጀርስ አሰልጣኝ ሆነ። በአፕሪል 1928 ሬንጀርስ ከሞንትሪያል ማሩንስ ጋር ለዋንጫ ተገናኘ፤ የኒውዮርኩን ሜዳ ሰርከስ ስለያዘው ጨዋታው ሁሉ ሞንትሪያል ሆነ። በሁለተኛው ግጥሚያ የኔልስ ስቱዋርት ምት የሬንጀርሱን በረኛ ሎርን ሻቦን ዓይኑ ላይ መታው። ያኔ ተጠባባቂ በረኛ ይዞ መምጣት ልማድ አልነበረም። ተመልካች መሃል የተቀመጠ የኦታዋ በረኛ ቢገኝም የማሩንስ አሰልጣኝ ኤዲ ጄራርድ አልፈቅድም አለ። ተቃራኒን በረኛ አልባ አድርጎ ማሸነፍ የሚያኮራ ነገር አይመስለኝም፤ ግን መብቱ ነበር።

ጸጉሩ የሸበተው፣ 44 ዓመት የሞላው ፓትሪክ ሙሉ ልብሱን አውልቆ የሻቦን ትጥቅ ለበሰና ጎል ውስጥ ቆመ። በወዲያኛው ጎል ማን አለ? ክሊንት ቤኔዲክት፤ አሁን የማሩንስ በረኛ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለው ለክፉ ሥራ ነበር፤ ፓትሪክ የሰፈረው ግን በጎ ሆኖ ጠበቀው። ጉልበቱ ላይ እየወደቀ መከተ። ያለፈችው አንዲት ጎል ብቻ ናት፣ እሷም የዚያው የስቱዋርት። በተጨማሪ ሰዓት ፍራንክ ቡሼ ቤኔዲክት ላይ አገባና ሬንጀርስ 2 ለ 1 አሸነፈ።

ለቀሪዎቹ ጨዋታዎች ከሌላው የኒውዮርክ ቡድን ጆ ሚለርን ተዋሱ፤ ሬንጀርስም በአምስተኛው ግጥሚያ ዋንጫውን በላ። ፓትሪክ ወደ አሰልጣኝነቱ ተመለሰ፤ በ1933 ሁለተኛውን ዋንጫ ያስገኘላቸው ከሜዳው ዳር፣ በጫማው ቆሞ ነው።